የዶሮ አንገት የታጠቁት አዳኝ

በቃል መናገር ስለማይሆንልኝ ጽፌ ሰጠኋችሁ። ለሌበር ዴይ በዓል ሸርጣን ልታድኑ ወደ ባሕሩ ዳር ልትወርዱ እንደሆነና እኔም አብሬያችሁ እንድሄድ እንደምትፈልጉ ባለፈው እሑድ ስትነግሩኝ እሺ አልኩ። «ወረቀቱን የምታነቢልን አንቺ ነሽ» አላችሁ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን፣ ወረቀት የምታነብላችሁ ሰው ማን እንደሆነች ሳታውቁ መሄድ የለባችሁም። ይህን እስከ ዛሬ ከአንድ ሰው በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

የዛሬ አራት ዓመት ነው፤ ጳጉሜ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው። አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ያለው አፓርታማችን በሙቀት ግድግዳው ያልበው ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነስተን ሦስት ሆነን ሄድን፤ ጋሽ መኩሪያ፣ ታደሰና እኔ።

ጋሽ መኩሪያን ታውቋቸዋላችሁ። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ከሱዳን ስመጣ የተቀበሉኝ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው፤ ያኔ የምኖረውም እነሱ ዘንድ ነበር። አገር ቤት ሳሉ በጋሞ ጎፋ ቆላ የታወቁ አዳኝ ነበሩ፤ ጎሽም አንበሳም ጥለዋል። እዚህ መሐል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ይቆርጣሉ። ታደሰ በአንድ የባሕር ምግብ ቤት ሰሃን ያጥብ ነበር። «ጋሼ፣ ጠመንጃ የማይጠይቅ አደን ላሳይዎት» ብሎ የጀመረው እሱ ነው። ጴንጤ ስለሆነ ሸርጣን ይበላል። ጋሽ መኩሪያና እኔ ግን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት አንነካም። ስለዚህ ለመብላት የሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋሽ መኩሪያ የሄዱት ለግዳይ ነው። እኔን የላኩኝ እትዬ አስካለ ናቸው፤ «ሁለቱም በእንግሊዝኛው ደፋር እንጂ አዋቂ አይደሉም፤ ምልክት የሚያነብላቸው ይኑር» ብለው።

መኪናው ውስጥ ጋሽ መኩሪያ ከፊት ዞር እያሉ ያበሽቁኝ ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ ሸርጣን በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

«ክራብ።»

«ለዚህ ነው አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የምትመላለሺው?»

ታደሰ መሪውን እየደበደበ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ ፈገግ ማለት ይቀለኛል።

አራት ሰዓት ያህል ነዳን። ባሕሩ አጠገብ አንድ ትንሽ የማጥመጃ ዕቃ መሸጫ ጋ ፓርክ አድርገን ክርና እጀታው ረጅም የሆነ መረብ ገዛን። የዶሮ አንገት ከቤት ይዘን ነበር። ሸርጣን የበሰበሰ ሥጋ ይወዳል የሚሏችሁን አትስሙ፤ ትኩስ የዶሮ አንገት ከሁሉም ይበልጣል፣ ጅማቱም ከክሩ አይላቀቅም። ባለ ሱቁ አንገቱ በፀሐይ የተጠበሰ ሽማግሌ ነጭ ነበር። የውሃው ሙላትና ጉድለት በየሰዓቱ የታተመበትን ወረቀት ሰጠኝና ወደ ታች በጥፍሩ እያሳየ፣ «ዛሬ ከሰባት ሰዓት በፊት ሁላችሁም ከጭቃው ውጡ፤ ውሃው ሲመለስ ከሰው ይፈጥናል» አለኝ። በእኛ አቆጣጠር ነው የነገርኳችሁ። ወረቀቱን አጥፌ ቀሚሴ ኪስ ከተትኩት።

ቦታው ትከሻ የሚደርስ ሣር በበቀለበት ረግረግ መሐል የሚጠማዘዝ፣ የባሕሩ ውሃ ወደ መሬት የሚገባበት የባሕር ገብ ነው። ከእንጨት የተሠራ መቆሚያ አለው። የዶሮ አንገቱን በክር አስረን ወደ ውሃው ጣልን። ክሩ ሲወጠር አትቸኩሉ። በጣት ብቻ፣ ስንዝር ስንዝር፣ እንደተኛ ሰው ብርድ ልብስ እንደምትገፍፉ አድርጋችሁ ሳቡት። ጥላችሁ ውሃው ላይ እንዳያርፍ ፀሐይን ፊት ለፊት ቁሙ። ሸርጣኑ ሲታያችሁ መረቡን ከበታቹ አግቡ እንጂ ከላይ አትጣሉበት። ስትይዙት ከኋላ፣ የመጨረሻው እግር የሚበቅልበት ጋ ነው፤ እዚያ መቆንጠጫው አይደርስም። የያዛችሁትን ውሃ በነካ ጆንያ ሸፍናችሁ በጥላ አስቀምጡ።

ታደሰ የያዘውን ባለ ክዳኑ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ኩለሩ ውስጥ ይጨምራል። ጋሽ መኩሪያ ግን ሁለቱን መቆንጠጫ እየገነጠሉ እንጨቱ ላይ ይደረድሩና ገላውን በሕይወት ወደ ውሃው ይወረውራሉ። መቆንጠጫው ለብቻው ሆኖም ይከፈታል፣ ይዘጋል።

«ጋሼ፣ ካልበሉት ለምን ይገነጥሉታል?» አልኩ።

«አንበሳውንስ በልቼው ነው የገደልኩት?» አሉ።

ቀጥሎ እኔ ያወጣኋት ሆዷ ሥር ብርቱካንማ እንቁላል ያዘለች ነበረች። እንዲህ ያለችው ወደ ውሃው መመለስ አለባት። ልመልሳት ሳጎነብስ ጋሽ መኩሪያ በጫማቸው ረገጧት። «አሁን አራት መቶ ልጅ ገደልኩ፤ ፎክሩልኝ!» አሉ። ታደሰም ፎከረላቸው። እኔ ፊቴን አዞርኩ። በዚያው እንዳዞርኩ አንድ ሸርጣን ከኋላዬ አምጥተው ጆሮዬ ላይ አንጠለጠሉት።

«ይኸው፣ ለምርቃትሽ የጆሮ ጌጥ!»

መቆንጠጫው የጆሮዬን ጫፍ ነክሶ አልለቅም አለ። ጮህኩ። ሳቁ። ስጎትተው የባሰ ጠበቀ፤ በመጨረሻ ታደሰ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ መቆንጠጫውን ሰበረልኝ። ደሙ የቀሚሴን አንገትጌ አርሶ እስከ ደረቴ ወረደ። «ጦር ሜዳ የዋለች መሰለች እኮ!» አሉ ጋሽ መኩሪያ። ያኔ አንድ ክፉ ቃል ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በኋላ የሆነው አይሆንም ነበር ብዬ አስባለሁ። የማይናገር ሰው ቁጣውን የሚያደርግበት ቦታ ይፈልጋል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ጎድሎ አልቆ ነበር። የባሕር ገቡ ወደ ቀጭን ቦይ ተለወጠ፤ ከመቆሚያው እስከ ቦዩ ያለው ሁሉ የሚያብረቀርቅ ጭቃ ሆነ። ከቦዩ ዳር አንድ ኩሬ ውስጥ የሰው መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ ሸርጣን ተጋድሟል። ጋሽ መኩሪያ አዩት። የቀረውን የዶሮ አንገት በፌስታል ቋጥረው እንደ ዝናር በገመድ ወገባቸው ላይ ታጠቁ፣ መረቡን ያዙ። ታደሰ ፈራ ተባ አለ።

«ጋሼ፣ ውሃው ቢመለስስ?»

እሳቸው ሰማዩን አዩ። እኛ የደጋ ሰዎች ነን። ጎርፍ የሚመጣው ከላይ ዘንቦ፣ በወንዙ ወርዶ ነው፤ ውሃ ከታች ወደ ላይ ሲመጣ አላየንም።

«በጠራራ ፀሐይ ምን ጎርፍ ይመጣል? ደመና የት አለ?» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ፕሮፌሰር፣ የፈረንጁ ወረቀት ምን ይላል?»

ወረቀቱን አወጣሁ። ሰዓቱን አየሁት፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ያለው ቁጥር እያደገ እያደገ ይሄዳል። ጆሮዬ ይጠዘጥዘኝ ነበር።

«ስለ መጠን ነው» አልኩ። «ትንንሾቹን መልሱ ይላል።»

እንዲሞቱ አልፈለግኩም። እስከ ወገባቸው ርሰው፣ ጫማቸውን ጥለው፣ እየተንፏቀቁ ሲወጡ ማየት ነበር የፈለግኩት። አንድ ጊዜ እኔም እንድስቅ።

ሰላሳ እርምጃ ያህል ሄዱ። እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ እስከ ባት። ኩሬው ሊደርሱ ሲሉ ቀኝ እግራቸው እስከ ጭናቸው ገባ። እሱን ለማውጣት ግራውን ሲጫኑ ግራውም ገባ። በመጀመሪያ ታደሰ ሳቀ፣ እሳቸውም ተሳደቡ። ቆይቶ ሳቁ ቆመ። ጭቃው ውስጥ ኦይስተር የሚሉት የባሕር ፍጥረት ዛጎል አለ፤ እንደ ምላጭ ነው፤ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ፊታቸው ይለዋወጥ ነበር።

ውሃው ድምፅ የለውም። ቦዩን ስመለከት የወደቀ ሣር ወደ ኋላ፣ ወደ እኛ፣ ሲንሳፈፍ አየሁ። የመጣውም በዚያ ነው። ታደሰ ዘሎ ገባ፤ አሥር እርምጃ ሳይሄድ ጉልበቱ ድረስ ሰጠመና በሆዱ እየተጎተተ ተመለሰ። «ሰው ልጥራ! ሱቁ ጋ ልጥራ!» እያለ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። እኔና እሳቸው ቀረን።

ውሃው ወገባቸው ሲደርስ ጮኹ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከሽማግሌ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ሙላቱ ሲመጣ ሸርጣን አብሮት ይመጣል፤ ምግብ የሚፈልግበት ሰዓቱ ነው። የዶሮ አንገቱ ደግሞ ወገባቸው ላይ ነው። ፌስታሉ ተቀድዷል፣ ዛጎሉ የቆረጠው እግራቸውም ይደማል። «በሉኝ! ፍቺልኝ! ቋጠሮው እምቢ አለኝ!» ይላሉ። እጃቸውን ከውሃው ሲያወጡ አውራ ጣታቸው ላይ አንዱ ተንጠልጥሎ ወጣ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ወዲያው አልተነሳሁም። እስከ አሥር የሚያስቆጥር ያህል ቆሜ አየኋቸው።

ከዚያ ኩለሩን ገለበጥኩ። የታደሰ ሸርጣን በሙሉ እንጨቱ ላይ ተበተነ። ክዳኑን ዘጋሁ፣ ማጥመጃ የምንቆርጥበትን ቢላዋ በጥርሴ ያዝኩ፣ ኩለሩ ላይ በደረቴ ተኝቼ ጭቃውንና ውሃውን በእግሬ እየገፋሁ ሄድኩ። ማጥ ላይ የቆመ ይገባል፣ የተኛ ይንሳፈፋል። ይህን ፈጽሞ አትርሱ። ስደርስ ውሃው ከደረታቸው በታች ነበር። እጄን አስገብቼ ገመዱን ቆረጥኩ፤ እኔንም ሁለት ቦታ ቆነጠጡኝ። ፌስታሉ ሲርቅ ሸርጣኖቹ ተከትለውት ሲሄዱ በውሃው ውስጥ ይታያሉ።

«ወደ ኋላ ይተኙ» አልኩ። «እግርዎን በቀስታ ያወዛውዙ፤ ውሃው ጭቃውን ያላላዋል።»

«አልተኛም! ዋና አልችልም! አዳኝ ተኝቶ አይሞትም!»

«እንግዲያው ቆመው ይሙቱ» አልኩ።

አዩኝ። ከአፌ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ ለእኔም የመጀመሪያዬ ነበር። ውሃው ደረታቸውን አለፈ። ሁለት እጃቸውን ኩለሩ ላይ ጭነው በጀርባቸው ተኙ። እኔ አገጫቸውን ይዤ ወደ ላይ አደረግኩ። ቀኙ እግር ወጣ፣ ጫማው እዚያው ቀረ። ግራው ሲወጣ የሆነ ነገር ሲቀደድ እሳቸውም እኔም ሰማን። ሙላቱ ራሱ ወደ ዳር ገፋን። ታደሰ ከባለ ሱቁ ጋር ሲደርስ ሣሩ ውስጥ ተጋድመን ነበር። ሽማግሌው እኔን አይቶ፣ ወረቀቱን የሰጠው ለእኔ መሆኑን አስታውሶ፣ ዓይኑን ቀሚሴ ኪስ ላይ ጣለ።

የባሕር ውሃ የገባበትን ቁስል ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም አሳዩ። ጋሽ መኩሪያ «ጭረት ነው» ብለው አትላንታ ድረስ ተጓዙ። በማግስቱ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ጠቁሮ አበጠ። ሆስፒታል የግራ እግራቸው ሁለት ጣቶች ተቆረጡ።

በአራተኛው ቀን እትዬ አስካለ ልብስ ሊያመጡ ሲሄዱ እኔና ጋሽ መኩሪያ ብቻችንን ቀረን። የወረቀቱን እውነት ነገርኳቸው።

ጣሪያውን እያዩ ጠየቁ። «ሰዓቱ ተጽፎ ነበር?»

«አዎ።»

«አይተሽው ነው?»

«አይቼው ነው።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ለአስካለ እንዳትነግሪ» አሉ። «ውሃ አታለለው ይበሉኝ። ሴት ልጅ አታለለችው ከሚሉኝ ውሃው ይሻለኛል።»

ለመስቀል ቤታችን በእንግዳ ሞላ። ጋሽ መኩሪያ ከዘራቸውን ይዘው ታሪኩን አወሩ፤ «ይህቺ ልጅ ባትኖር ሸርጣን በልቶኝ ነበር» አሉ። ሁሉም መረቀኝ፣ ሴቶቹ ግንባሬን ሳሙኝ። ወደ ደመራው ልንወርድ ስንነሳ ደረጃው ጋ ቆመው ጠበቁኝ።

«ቅደሚ» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ።»

ሰው እንዳይሰማ ጎንበስ አሉ። «ጫካ ገብቼ ከኋላዬ የማስከትለው የማምነውን ሰው ብቻ ነበር። ቅደሚ።»

ቀደምኩ። አሁን ሊቶኒያ በምትባል ከተማ ቤት ገዝተዋል፣ እኔም በየበዓሉ እሄዳለሁ። በር ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ «ቅደሚ» ይሉኛል። ሰው «ምን ያህል ቢያከብሯት ነው!» ይላል። ሁለት ጣት የጎደለው እግራቸው ከኋላዬ ሲጎተት እሰማለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ዞሬ አላየኋቸውም።