ቀይዋ መዛቂያ

በረዶ የሚጠርግ ማሽን ልገዛ ነው፣ ምን ትመክሪኛለሽ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እኛ ቤት የደረሰውን ስለሚያውቁ «ይቅርባችሁ» እንድላቸው ነው የሚጠብቁት። እኔ ግን ግዙ እላለሁ። ማሽኑ ምን አጠፋ? ጋራዥ ውስጥ አታስነሱት፣ ጭሱ ይገድላል። ቤንዚን የምትጨምሩት ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሁን። በረዶው እስኪቆለል አትጠብቁ፤ ገና እየጣለም ቢሆን ወጣ ብላችሁ ጥረጉ። በረዶውን የሚተፋበትን አንገት ቀደም ብላችሁ ዘይት ቀቡት፣ አይጣበቅበትም። አንገቱን ነፋሱ ወደሚሄድበት አዙሩት፤ አለዚያ የጠረጋችሁት ተመልሶ ፊታችሁ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ ማሽኑ ጎን ላይ የተሰካችውን ቀይ የፕላስቲክ ዕቃ አሳያቸዋለሁ። እጀታዋ እንደ ዱላ ረዘም ያለ፣ ውስጡ ክፍት ነው፣ ጫፏ ትንሽ አካፋ ይመስላል። በረዶ አንገቱ ውስጥ ሲወተፍ መጀመሪያ ሞተሩን ማጥፋት፣ ከዚያ በእሷ መጥረግ ነው። በእጅ አይነካም፤ ሞተሩ ቢጠፋም አይነካም። ይቺ ዕቃ ከቦታዋ እንዳትነሳ እላቸዋለሁ። ሙሉውን ምክንያት ግን ለውጭ ሰው ተናግሬ አላውቅም።

ቤታችን ዴንቨር፣ ሞንትቤሎ የሚባል ሰፈር ነው፣ ማዕዘን ላይ። ማዕዘን ቤት ሲገዙት ሰፊ ነው፣ ደስ ይላል። በሁለት በኩል የሚዞረውን የእግረኛ መንገድ ሁሉ መጥረግ የራስ ዕዳ መሆኑ የሚገባው በረዶ ሲጥል ነው። ባለቤቴ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል፣ ተቀምጦ ስለሚውል ወገቡን ያመዋል። አካፋው ሲያቅተው ማሽኑን ገዛን። ወደደው። በረዶ ባልጣለበት ቀን እንኳ ጋራዥ ገብቶ ይወለውለው ነበር፣ እኔን እንዲህ አባብሎኝ አያውቅም።

ያ ነገር በደረሰበት ዓመት እናቱ ከደሴ መጥተው እኛ ጋ ከረሙ። የልጃቸው ነፍስ ሽሮ ስለሆነች ሻንጣቸውን በሽሮ ሞልተው ነው የመጡት። ኩሽናችን ጠባብ ነው፤ ሽሮውን ክዳን ባለው ትልቅ ባልዲ ገልብጠን ጋራዥ ውስጥ፣ ማሽኑ አጠገብ አስቀመጥነው። አማቴ መቀመጥ የማያውቁ ሴት ናቸው። ዕቃም ሥራ ፈትቶ ሲያዩ አይወዱም። ስፖርት የምሠራበት ምንጣፍ ላይ በርበሬ አስጥተውበት አግኝቻለሁ። የአበባ ማስቀመጫዬ ወንፊት መስቀያ ሆኗል። ከእኔ ጋር አንጣላም ነበር፤ እንዋደድ ነበር ማለት ግን አልችልም።

የዴንቨር በረዶ በጥር ደረቅ ነው፣ እፍ ቢሉት ይበናል። በመጋቢት የሚጥለው ግን እርጥብ ነው፣ ሊጥ ነው የሚሆነው። እንዲህ ያለው በረዶ በጣለ ዕለት እኔ ሌክውድ፣ የምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ነበርኩ። ያደርኩበት ሺፍት ቢያልቅም መንገዱ ስለተዘጋ ተተኪዎቹ መምጣት አልቻሉም። አልጋ ላይ ያሉ ሰዎችን ጥሎ አይወጣ ነገር፣ እዚያው ቆየን።

ባለቤቴ ጠዋት መኪናውን ለማውጣት ማሽኑን አስነሳ። ገና የእግረኛው መንገድ ጋ ሳይደርስ አንገቱ በበረዶ ተወተፈ። ሞተሩን አጠፋ፤ እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለበትም። ቀይዋን ዕቃ ሊያነሳ እጁን ቢሰድ ቦታዋ ባዶ ነው። መሬት ላይ ፈለገ፣ ጋራዥ ተመልሶ አየ፣ የለችም። ሥራ ረፍዶበታል። ሞተሩ ጠፍቷል ብሎ ጓንት ባጠለቀ እጁ ገባበት። በረዶው ጨምድዶ የያዘው ተሽከርካሪ ብረት ግን ሞተር ቢጠፋም ኃይሉን አምቆ ይቆያል፤ የወተፈው ነገር ሲነሳለት አንድ ጊዜ ይዞራል። አንድ ጊዜ በቂ ነው። የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ከግማሻቸው ወሰዳቸው።

ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ሲገባ ጠያቂው ጎረፈ። ከኦሮራ የመጣ አለ፣ ከኮሜርስ ሲቲ ከሥራ በቀጥታ የመጣ አለ። ወገን ነው፣ ክፉ አይናገሩት። ግን ያልተጠረገው በረዶ ላይ መኪናቸውን እየነዱበት፣ በጫማቸው እየረገጡበት፣ በራችንን መስታወት አደረጉት። ገብተው «ለክፉ አይስጥህ» ይላሉ፣ ይበላሉ፣ ማሽኑን አውጥተን እንድንጥል ይመክራሉ፣ ሲወጡ እየተንሸራተቱ እኔን «በሩ ላይ ጨው በትኚ፣ በረዶውን ያቀልጠዋል» ይሉኛል። አካፋው ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። ያነሳው ሰው አልነበረም።

አማቴ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ከልጃቸው ጎን ይቀመጡና ለመጣው ሁሉ አንድ ነገር ይናገራሉ።

«ሚስቱ ቤቷ ብትሆን ኖሮ ልጄ እንዲህ አይሆንም ነበር።»

ሰዉ እኔን ያያል፣ ከዚያ ሳህኑን ያያል። እኔ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ባለቤቴ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን እያየ ዝም ይላል። ሐኪም ያዘዘለት መድኃኒት እያደነዘዘው ነው ብዬ ለራሴ እነግራለሁ።

በዚያው ሰሞን ለእንግዳ ወጥ ልሠራ ሽሮ ልዝቅ ጋራዥ ገባሁ። የባልዲውን ክዳን ሳነሳ ቀይዋ ዕቃ እስከ እጀታዋ ሽሮው ውስጥ ተሰክታለች። አማቴ ሽሮ መዛቂያ አድርገዋታል። ይዣት ወጥቼ ጠያቂው መሃል፣ ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጣት ፈለግኩ፤ ዛሬም የሚቆጨኝ አለማድረጌ ነው። ግን ሴትዮዋ የዕቃዋን ጥቅም አያውቁም፣ ሰው አገር ናቸው፣ አርጅተዋል። ሲያውቁ ራሳቸው ይናገሩ አልኩ። ሽሮዬን ዝቄ ክዳኑን ገጠምኩት።

በማግስቱ አንድ ጠያቂ አደጋው እንዴት እንደደረሰ ሲጠይቀው ባለቤቴ ነገረው። ጎኑ ላይ የምትሰካ ቀይ የፕላስቲክ ዕቃ እንደነበረች፣ ፈልጎ እንዳጣት፣ እሷ ብትኖር እጁን እንደማይሰድ። አማቴ ዳቦ እየቆረሱ ነበር። ቢላዋቸው ቆመ። ከዚያ ቀስ ብለው መቁረሳቸውን ቀጠሉ።

በሚቀጥለው ቀን ባልዲውን ስከፍተው ሽሮው ውስጥ የሻይ ኩባያ አገኘሁ። ቀይዋ ታጥባ፣ ተወልውላ ማሽኑ ላይ ቦታዋ ተሰክታለች። እንግዲህ አወቁ አልኩ። አሁን ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። ጠያቂ መጣ፣ ተቀመጠ፣ አማቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሚስቱ ቤቷ ብትሆን ኖሮ…»

ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም። ያን ቀን ጠላኋቸው። አላሳየሁም እንጂ ጠላኋቸው።

እንደገና ሲጥል ማሽኑን እኔ አወጣሁት። ምርጫ አልነበረኝም፣ ደግሞም ፈርቼው እንዳልቀር ብዬ እልህ ይዞኛል። ባለቤቴ እንዴት እንደሚነሳ ሊያሳየኝ ጋራዡ ድረስ መጣ። ቀይዋን አያት። በግራ እጁ አነሳት፣ እጀታዋን ገልብጦ ውስጡን አየ፣ መልሶ ሰካት።

«እዚሁ ነበረች ለካ» አለ።

እናቱ ከኋላችን በሩ ላይ ቆመው ነበር። የታዘዘ ነው ልጄ፣ ምን ታደርገዋለህ አሉት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ገባ። ሰውዬው ዓይኑ ሥር ያለ ዕቃ ሳያይ ጣቶቹን ያጣ ሞኝ አድርጎ ራሱን ሊቆጥር ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ያን ዕለት ከማሽኑ ኋላ ቀስ እያልኩ እየገፋሁ፣ ሁለቱንም መንገድ ጠርጌ እስክጨርስ አለቀስኩ። ሞተሩ ይጮህ ስለነበር ማንም አልሰማኝም።

አማቴ ለመጣ ጠያቂ ሁሉ ያንኑ እንዳሉ በግንቦት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኤርፖርት አቅፈው ሳሙኝና «ልጄን አደራ፤ ከእንግዲህ እንኳ ቤትሽን ጠብቂ» አሉኝ። እሺ እማማ አልኩ። ጉንጫቸውን ሳምኩ።

ስንመለስ የምነዳው እኔ ነበርኩ። ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም። ቀይዋ ዕቃ ሽሮ ባልዲው ውስጥ እንደነበረች፣ እናቱ አጥበው እንደመለሷት፣ እሱ ሞኝ እንዳልሆነ ነገርኩት። ይደነግጣል ብዬ ነበር። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «እጀታዋ ውስጥ ሽሮ ተጋግሮ ነበር። ያን ቀን ሳነሳት አየሁት።»

ከአውራ ጎዳናው ወደ ሞንትቤሎ የሚያስወጣውን መገንጠያ አልፌው ሄድኩ። ታዲያ ከዚያ ቀን በኋላም ሰው ፊት እኔን ሲሉኝ ለምን ዝም አልክ አልኩት። መልሱን አስቦበት የቆየ ይመስል ቶሎ መጣ።

«እሷ ማወቄን ካወቀች አትችለውም። አንቺ ትችይዋለሽ ብዬ ነው።»

ሦስታችንም እናውቅ ነበር ማለት ነው። ጥፋቱን እንድሸከም የተመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ጫንቃዬ ይችላል ተብሎ።

አሁንም በረዶ ሲጥል ማሽኑን የማወጣው እኔ ነኝ። አንገቱን ዘይት እቀባለሁ፣ ቀይዋ ቦታዋ መሆኗን ነክቼ አረጋግጣለሁ፣ ከዚያ አስነሳለሁ። በመጋቢት ሲወተፍብኝ አጠፋና በእሷ እጠርጋለሁ፤ ጣቶቼ ሁሉም አሉ። ባለቤቴ እጁን ኪሱ ከትቶ በመስኮት ያየኛል። ስገባ ሻይ አፍልቶ ይጠብቀኛል፣ ጎበዝ ነሽ ይለኛል። ሻዩን እጠጣለሁ። ይቅርታ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም።