ጥለቱ ወደ ላይ

ጥሩሸዋ ልብስ ሰፊ ተብላ አታውቅም። በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ልብስ ሰፊ የሚባሉት ገበያው ዳር በረንዳ ላይ የእግር መኪና ዘርግተው የሚቀመጡት ወንዶች ናቸው። እሷ ከእናቷ በወረሰችው የእጅ መኪና ቤቷ ቁጭ ብላ የጎረቤት ልጆችን ዩኒፎርም የምትጠግን፣ የተቀደደ ጉልበት የምትለጥፍ፣ ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ለሴቶቹ ቀሚስ የምታበጅ ሴት ናት። «የጥሩሸዋን ሱሪ ልጁ ያድግበታል እንጂ ስፌቱ አይለቅም» እያሉ ያመሰግኗታል። ልብስ ሰፊ ግን አይሏትም።

ባሏ ኃይለመስቀል የአይሱዙ ሾፌር ነው። ፊቷ «ነበር» ያለ ሰው ዳግም ደጇን አይረግጥም። መንገዱ በተዘጋበት ክረምት ገብስ ጭኖ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ መኪናውም አልተመለሰም፣ እሱም አልተመለሰም፣ ቁርጥ ያለ ወሬም አልመጣም። አንዱ «ታስሯል» አላት። አንዱ «ጠረፍ ላይ የሚመስለውን ሰው አይቻለሁ» አላት። ሌላው ዝም ብሎ አንገቱን ደፋ። ከሁሉም ያንገበገባት ይኸ አንገት መድፋት ነው። የሚዋሽ ሰው እንኳን ደግ ነው፣ አንድ ነገር ይሰጣል።

የእድሩ ሴቶች አለቃ እትዬ ጌታነሽ ከማንም በላይ የሚወዷት ሰው ናቸው፤ ስለሚወዷትም አላረፉላትም።

«እርምሽን አውጪ ልጄ» ይሏታል ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አብረው እየሄዱ። «ያልተለቀሰለት ሰው እኮ ነፍሱም አታርፍም። ፍትሐቱን አስፈቺለት፣ እኛም እናልቅስልሽ፣ አንቺም ልጅሽን ይዘሽ ኑሪ።»

«ቃል ሳልሰማ፣ አፈር ሲለብስ ሳላይ በቁሙ ልቅበረው? እርስዎስ ያደርጉት ነበር እትዬ?»

እትዬ ጌታነሽ ለዕለቱ ይተዉታል። ለሳምንቱ ግን ያው ነው።

እንግዲህ ሰብሊ በዚህ ቤት ያደገች አንድ ልጅ ናት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ፈተና አገር ምድሩን ሲጥል እሷንም ጣላት። ደግማ ተቀመጠች፣ ደግሞ ጣላት። ከዚያ በኋላ ሥራዋ ስልክ መነካካት ሆነ፤ እናቷም «ተይ» ለማለት አቅም አልነበራትም። በምን አፏ? እሷ ራሷ ቀኑን ሙሉ በር በር ስታይ ነው የምትውለው።

ያን ሰሞን ከተማው ሁሉ እሑድ ማታ የሚያየው አንድ ድራማ ነበር። የድሮ ዘመን ታሪክ ነው። እመት ዘርትሁን የምትባል የባላባት ሚስት አለችበት፤ ባሏ ዘምቶ ቀርቶባት በደጇ ቆማ የምታለቅስበት ክፍል ሲታይ ከራቤል እስከ ዓለም ከተማ ያላለቀሰ ሰው የለም ይባላል። ጥሩሸዋ ያንን ክፍል አላየችውም። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲያይ «ራሴን አመመኝ» ብላ ተነስታ ወጣች።

አንድ ቀን ሰብሊ እየሮጠች ገባች። የድራማው ሰዎች ለሚቀጥለው ክፍል የእመት ዘርትሁንን ልጅ ሆና የምትሠራ አዲስ ፊት ይፈልጋሉ፤ ፍለጋውም ደብረ ብርሃን ላይ ነው። የምትመጣ ሁሉ የእመት ዘርትሁንን የለቅሶ ልብስ ለብሳ፣ ያቺኑ የደጁን ለቅሶ አልቅሳ ታሳያለች። ልብሱ ደግሞ እንደ ነገሩ አይሆንም፤ ስክሪኑ ላይ እንዳለው፣ ክር በክር።

«እማዬ፣ ይኸ ካለፈኝ ሌላ ምንም የለኝም» አለች ሰብሊ። እየቀለደች አልነበረም። ዕድሜዋ ገና ሃያ ያልሞላ ልጅ እንዲህ ስትል መስማት ለእናት ከባድ ነው።

ጥሩሸዋ እሺ አለች።

ሥራው እንዲህ ተጀመረ። ሰብሊ ስልኩን ይዛ ምስሉን ታስቆማለች፣ በሁለት ጣቷ ታሰፋዋለች፤ እናቷ ደግሞ ዓይኗን አጥብባ የአንገቱን ጥልፍ መስመር፣ የእጅጌውን ስፋት፣ የቁልፉን ቦታ ታያለች። ፊቷን አታይም። «የሴትዮዋን ፊት ሸፍኚልኝ» ትላለች፤ ሰብሊ በአውራ ጣቷ ትሸፍነዋለች። የብር መሳይ ቁልፎቹን ከእንጨት ቁልፍ ላይ የከረሜላ ወረቀት እያለበሰች ሠራቻቸው። ቀሚሱን ከራሷ የሠርግ ቀሚስ አወጣችው፤ ንጣቱ ገና አዲስ መስሎ ስላስቸገራት በሻይ ቅጠል ነክራ አደበዘዘችው። መቼም እጇ ሥራ ሲያገኝ ልቧ ትንሽ ያርፋል፤ አንዳንዴ ራሷን ስታንጎራጉር ትሰማና ደንግጣ ትተወዋለች።

የቸገረው ካባው ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ጥቁር የበግ ጠጉር ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ያለው ጥቁር ጠጉር አንድ ብቻ ነው፤ ምሰሶው ላይ የተሰቀለው የኃይለመስቀል በርኖስ፣ አባቱ ከገዛ በጎቻቸው ጠጉር አስፈትለው ያሸመኑት። ሰብሊ አየችው፤ እናቷም ልጇ ስታየው አየች።

በመጨረሻ ጥሩሸዋ በርኖሱን አወረደችው። መቀስ ግን አላስነካችውም። የሰፋውን ትከሻ ወደ ውስጥ አጠፈች፣ የረዘመውን ጫፍ አጠፈች፣ ሁሉንም በረጃጅም ልል ስፌት ያዘችው፤ በአንድ ጉተታ ተተርትሮ እንደነበረ የሚመለስ ስፌት ነው። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ልል ስፌት ሰፍታ አታውቅም።

«ሲመጣ ይበርደዋል» አለች ለልጇ፤ ሰብሊ ስልኳ ላይ አቀረቀረች።

ጠቡ የመጣው ነጠላው ላይ ነው። በእኛ አገር ነጠላ ያለ አፍ ይናገራል። ጥለቱ ወደ ታች ሲወርድ ቤቱ ሰላም ነው። ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አፍና አንገት ላይ ሲያርፍ ግን አዘቅዝቃለች ይባላል፤ ሰው ሞቶባታል፣ መንገደኛም ቢሆን ቆሞ «እግዜር ያጥናሽ» ሳይል አያልፋትም። የእመት ዘርትሁን ነጠላ የተዘቀዘቀ ነው፤ እንዳይንሸራተትም ካባው ትከሻ ላይ ተሰፍቷል። ጥሩሸዋ ነጠላውን ካባው ላይ ሰፋችው። ጥለቱን ግን ወደ ታች አደረገችው።

«እማዬ፣ ተገልብጧል እኮ! እዪው፣ እዚህ ስልኩ ላይ ጥለቱ ወደ ላይ ነው።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«አባትሽ በሕይወት እያለ አዘቅዝቀሽ ከቤቴ አትወጪም።»

«ድራማ እኮ ነው!»

«ነጠላ ድራማ አያውቅም።»

ሰብሊ አለቀሰች፣ ለመነች፣ ተቆጣች። በስተኋላ እንዲያው ድንገት «እሺ፣ እንዳልሽ» አለች። ጥሩሸዋ ልጇ ስለተረዳቻት ደስ አላት። ነጠላውን እንደ ዩኒፎርም ጉልበት ድርብ አድርጋ ሰፋችው፣ ማንም እንዳይፈታው።

ይኸን ሁሉ ሥራ የሠራችው በር ዘግታ ነው። ባሏ የጠፋባት ሴት የቴአትር ልብስ ትሰፋለች ቢባል የሰውን አፍ ማን ይችላል? ስለዚህ ሰብሊ ለአውቶቡስ ስትወጣ እትዬ ጌታነሽ ከአጥራቸው ብቅ ብለው «ልጅቱ ወዴት ናት?» ሲሏት፣ ጥሩሸዋ አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«ስለ አባቷ ልትጠይቅ ናት እትዬ። ደብረ ብርሃን የሚያውቅ ሰው አለ ቢሏት፣ ሆስፒታሉንም እስር ቤቱንም አጣርታ ትመጣለች።»

እትዬ ጌታነሽ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «መድኃኔዓለም መልካም ወሬ ያሰማሽ። ቁርጥ ያለውን ያሰማሽ።» ጥሩሸዋ ምርቃቱን «አሜን» ብላ ተቀበለች፤ በውሸቷ ላይ አሜን ማለቷ ከንክኗት ዋለ። ማታ ሰብሊ ደውላ ደህና መድረሷን፣ ለቅሶውን አልቅሳ ማሳየቷን፣ በማግስቱ ጠዋት ውጤት እንደሚነገር ነገረቻት። ስለ ነጠላው እናትም አልጠየቀች፣ ልጅም አላነሳች።

መንዝ ውስጥ መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ ነው። ሰው እንቅልፉን ይጨርስ፣ የመጨረሻዋን ሰላም ሌሊት ይደር ተብሎ ነው። ዘመድ ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ በሩ ላይ ይሰበሰባል። ጥሩሸዋ በሌሎች በር እንዲህ ስንቴ ቆማለች። ስለዚህ በማግስቱ ማለዳ በሩ ሲንኳኳና ስትከፍት፣ በጭጋጉ ውስጥ እትዬ ጌታነሽን ከፊት፣ የእድሩን ሴቶች ከኋላ፣ ሁሉንም አዘቅዝቀው ስታያቸው፣ የሚነግራት ሰው አላስፈለጋትም። የፈሩት ይደርሳል ይባላል።

«ኃይልዬ!» ብላ ጮኸች።

ጩኸቷ ሌላውን ሁሉ ፈታው። ሴቶቹ «ወየው! ወየው!» እያሉ ግቢውን ሞሉት። አንስተው ያዟት፤ ደረቷን ስትመታ እጇን ያዟት። ዳኜ፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ፣ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ጡሩምባውን ነፋ፤ ወንዶቹም የድንኳኑን ቋሚ ተሸክመው መጡ። ያን ሁሉ ዓመት ታፍኖ የኖረው እንባ ወጣ፤ የጥሩሸዋ ብቻ አይደለም፣ የሁሉም። ኃይለመስቀል የስንቱን ሕመምተኛ በነጻ ጭኖ ሐኪም ቤት ያደረሰ ሰው ነበር። ነበር አሉ፤ እሷም አልተቆጣችም።

ፀሐይ ወጥታ የጥሩሸዋ ድምፅ ሲዘጋ ነው ጥያቄው የመጣላት።

«ሬሳው የት ነው? ማነው ያመጣው ወሬውን?»

እትዬ ጌታነሽ ግራ ገብቷቸው አዩዋት። «ሰብሊ ናት እንጂ ልጄ። አልነገረችሽም እንዴ? እኛማ የሰማሽ መስሎን፣ ብቻሽን አነጋሽ ብለን ነው ገስግሰን የመጣነው።» ወደ ዳኜ ዞሩ። «አሳያት እስቲ።»

ዳኜ ስልኩን አውጥቶ፣ በሁለት እጁ፣ እንደ ጸበል አድርጎ አቀረበላት። ማታ ከደብረ ብርሃን ወጥቶ አገር ሁሉ ሲቀባበለው ያደረ ፎቶ ነው። ከሥሩ የተጻፈ ነገር የለም። ሰብሊ ጥቁር በርኖስ ለብሳ ቆማለች። ፊቷ በእንባ ርሷል። ትከሻዋ ላይ የተተረተረው ክር ጫፉ ይታያል፤ ነጠላው ተገልብጧል፤ ጥለቱ አፏ ላይ ነው።

ጥሩሸዋ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። ልጅቱ «እሺ» ያለችው በሆዷ ይህን ይዛ ኖሯል። አባቷን ልትጠይቅ ሄደች የተባለች ልጅ አዘቅዝቃ ስትታይ፣ ጎረቤት ሌላ ምን ይበል? ቁርጥ ያለ ወሬ የለም። ትናንትም አልነበረም፣ ዛሬም የለም። «የለበሰችው ለድራማ ነው» ማለት ትችላለች፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ዳኜ ጡሩምባውን ይዞ ይመለሳል፣ ድንኳኑ ይነቀላል፣ እትዬ ጌታነሽ በሐፍረት ይሞታሉ፣ ኃይለመስቀል ደግሞ እንደ ድሮው የት እንዳለ ያልታወቀ ሰው ይሆናል።

ሁልጊዜ ለራሷ የምትለው አንድ ነገር ነበራት፤ እሱ ቢሞት ልቤ ይነግረኝ ነበር ትላለች። ዛሬ በሩን ከፍታ ሰዎቹን ስታይ ግን ልቧ «ውሸት ነው» አላለም። «ምን ሆነ?» ብሎም አልጠየቀም። አንድ ነገር ሳይነገራት በስሙ ጠርታ ጮኸች። ለካ ልቧ ከቀበረው ቆይቷል፤ ሳታውቀው ከመቃብር ጋር ስትኖር ነበር። ይህን ያወቀ ሰው ደግሞ ወደ ተስፋው የሚመለስበት መንገድ የለውም።

ስልኩን ለዳኜ መለሰችለት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

ረፋዱ ላይ ኪሷ ውስጥ ያለው ባለ ቁልፍ ስልክ ጮኸ። ሰብሊ ናት።

«እማዬ! ተመረጥኩ! ቁርጥ እመት ዘርትሁንን አሉኝ! እማዬ፣ ነጠላውን... ይቅር በይኝ፣ ፈታሁት። ስቆም ጊዜ ማልቀስ አቅቶኝ ነበር፣ ከዚያ አባባን አሰብኩት። እማዬ ትሰሚኛለሽ? ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«ለቅሶ ነው።»

«የማን?»

«የአባትሽ። ነይ ልጄ፣ እንዳለሽ ነይ፣ ልብሱን አታውልቂው።»

ሰብሊ ከወዲያ በኩል እንደ ሕፃን ሆና ጠየቀች።

«ማን... እማዬ፣ ማን አረዳሽ?»

ጥሩሸዋ ወደ ድንኳኑ አየች። እትዬ ጌታነሽ ቦታ ለቀውላት «ነይ ተቀመጪ» በሚል እጃቸውን ዘርግተዋል።

«አንቺ» አለች።

ስልኩን ዘግታ ነጠላዋን ገለበጠችና ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች።