ሪጎሬ ሲደርስ ብቻ የሚገባው አድማሱ

ለሰፈራችን ነዋሪዎች፣ ለወዳጅ ዘመድ፣ እንዲሁም ለማይወዱኝ በሙሉ! ከዛሬ ረፋድ ጀምሮ የግራ ጉንጬ ተላጭቶ የቀኝ ጉንጬ ያልተላጨ መሆኑን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ጥፋቱ የካዛንቺሱ ፀጉር አስተካካዬ አይደለም። ሳሙናው ፊቴ ላይ እያለ ስልኬ ጮኸ። ግርማ ነው፣ የድሮው የቂርቆስ ቡድናችን በረኛ።

«ጋሼ፣ አድማሱ ሞተ።»

«የቱ አድማሱ?»

«የኛው ነዋ! መወርወሪያው!»

«ሂድ ከዚህ! እኔ ሳልሄድ እሱ እንዴት ይሄዳል? በሕይወቱ ማንንም ቀድሞ ገብቶ አያውቅም!»

ግርማ አልሳቀም። ያኔ ነው እውነት መሆኑ የገባኝ። ፎጣው አንገቴ ላይ እንዳለ ወጣሁ። እኔን የመሰለ አሮጌ ቁጭ ብሎ አድማሱ ሞተ ይባላል? አሁንም አላመንኩም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ቡድኑን የማሠለጥነው እኔ ነበርኩ። ጨዋታውን ሙሉ የሚቆመው ግርማ ነው። እኩል ለእኩል ሆነን ሊያልቅ ሲል፣ ሪጎሬ ሊመጣ ሲል፣ ማለቴ እናንተ ፔናሊቲ የምትሉት፣ ግርማን አስወጣና አድማሱን አስገባለሁ። በቃ፣ በሩ ተዘጋ። እንደ በር መቀርቀሪያ መወርወሪያ ያልነው ለዚያ ነው።

ዛሬ «ጀግናችን» እያላችሁ ፎቶውን የምትለጥፉ ሁሉ፣ እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ያን ያህል ጎበዝ በረኛ ነበር? አልነበረም። ቁመቱ አጭር፣ ዝላዩ የዶሮ። ከፍ ያለ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። የሱ ጉልበት አፉ ነው።

ኳሷን ራሱ አንስቶ ለመቺው ይሰጠዋል። እንደ ጨዋ ልጅ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ በጆሮው፣ «ቀስ ብለህ ምታት ወንድሜ፤ እናትህ እያየችህ ነው» ይለዋል። የልጁ እግር እዚያው ይተሳሰራል።

አንዴ ከካዛንቺስ ልጆች ጋር ለዋንጫ ደረስን። የመጨረሻዋን የሚመታው እጮኛው በቅርቡ የተወችው ልጅ ነበር። አድማሱ ይህን ያውቃል፤ ሰፈራችን ውስጥ የማይታወቅ ነገር የለም። ኳሷን ሰጠውና፣ «እሷም መጥታለች» አለው። «ከጎኗ የተቀመጠውን ልጅ ግን አላወቅኩትም። አንተ ታውቀዋለህ?»

ልጁ ዞሮ ተመልካቹ መሃል ሲፈልጋት ዳኛው ፊሽካ ነፋ። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ አልፋ የሰው ቆርቆሮ ላይ አረፈች። ልጁ ሜዳው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ልጅቷ ጭራሽ አልመጣችም ነበር። እኛ አድማሱን ተሸክመን ጨፈርን። ምን ልዋሻችሁ፣ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ይህ ጨካኝ ግን አንዲት ነገር ይፈልግ ነበር። እናቱ በለጡ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ትሠራለች። እሁድ እሁድ ትመጣና ጥግ ላይ ዣንጥላዋን ዘርግታ ትቀመጣለች፤ አሥር ሰዓት ሲል ወደ ሥራዋ። ሪጎሬ የሚመጣው ደግሞ እሷ ከሄደች በኋላ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ያየችው፣ ልጇ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ጥፍሩን ሲበላ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ እሁድ እንኳ ከመጀመሪያው ያስገቡኝ። እናቴ ትየኝ።»

«ወንበር ላይ ታይሃለች አይደል? ደሞ ያምርብሃል።»

«የምሬን እኮ ነው!»

«እኔም የምሬን ነው። መወርወሪያ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቶ አይውልም። ቁጭ በል።»

ቁጭ አለ። ፀጉሩ እስኪሳሳ ቁጭ አለ።

ከዚያ ሰንጋ ተራ ሲፈርስ ሰሞን፣ ከሰንጋ ተራ ልጆች ጋር ጨዋታ ነበረን። አድማሱም ጉልበቱ አልቆ ሊያቆም ነው። በዋዜማው ጓንቱን ወርውሬለት፣ «በል ከመጀመሪያው ግባ፣ ጭቅጭቅህ ሰለቸኝ» አልኩት። ማሊያውን በሳሙና አጥቦ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ከሁላችን ቀድሞ መጣ። በለጡም መጣች።

ሰዓቱ ደረሰ፤ ተጋጣሚ የለም። ዳኛው ጠብቁ አለ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ማን ይምጣ? ቤታቸው ፈርሶ አንዱ እዚህ ኮንዶሚኒየም፣ አንዱ እዚያ ኮንዶሚኒየም ተበትነዋል። አሥራ አንድ ሰው አንድ ላይ የሚሰበስብ ጠፋ። በመጨረሻ ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ፎርፌ!

አንድ ኳስ ሳይመታበት አሸነፈ። ሜዳው በሳቅ ተናጋ። «መወርወሪያ፣ ዛሬስ ማን ደፈረህ!» ይሉታል። እሱ ጓንቱን እንዳጠለቀ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ቆሟል። እናቱ ብቻ ከተቀመጠችበት ተነስታ አጨበጨበችለት።

ከዚያ በኋላ አልተጫወተም። ኦሎምፒያ ጫማ ሲሸጥ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ከመንገድ ማዶ፣ «ባለ ፎርፌ! ዛሬስ ደንበኛ መጣ ወይስ ቀረ?» እለዋለሁ። «ጋሼ፣ ኧረ ይተዉኝ» ይላል፣ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ። አልተውኩትም። እሱ ማንን ተወና?

እንግዲህ አድማሱ፣ ደህና ሁን። ነገ ቀብርህ ላይ ግርማ ስለ ትሕትናህ ንግግር ያደርጋል፤ ተነስተህ አንዷን በጆሮው ልትለው እንደሚያምርህ አውቃለሁ፣ ግን ቻለው። አፈሩ ይቅለልህ፤ አፍህን ከቻለው።

ደግሞ ከጻፍኩት ውስጥ አንዷ የእኔ ፈጠራ ናት። ያኔ «እናቴ አየችኝ?» ስትለኝም የነገርኩህ እሷኑ ነው። በለጡ አላጨበጨበችም። አንተ ጀርባህን ሰጥተህ መረቡን ስታስር፣ ዳኛው ገና ጠብቁ እያለ፣ አሥር ሰዓት ሆነባት። ዣንጥላዋን አጥፋ ወደ እኔ መጣችና፣ «ሲጀመር ነበረች ይበሉልኝ፤ ልጄ እንዳይከፋው» ብላኝ እየሮጠች ሄደች።