ጃርት ጆሮ ጠቢ የተባለ ሰሞን

ዲምፍና ማካቨርን ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ነበረች። ቀን ቀን ባሊናርድ በምትባል የድንበር ከተማ፣ ገበያው አጠገብ ባለው ላውንደሪ ኮት ትተኩሳለች። ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ለከተማዋ ሳምንታዊ ጋዜጣ ወደ ጎንና ወደ ታች የሚሞላ መስቀለኛ ቃላት ታዘጋጃለች።

ይህ ጨዋታ በዚያ አገር ሰዎች ዘንድ የዋዛ አይደለም። ፍንጩ ሰምና ወርቅ አለው። «የጥርስ ሐኪም አፍ ውስጥ ይሠራዋል፣ ወንዙ ግን ሳያኝክበት ይኖራል» ብላ ትጽፋለች፤ አንባቢው ስለ ጥርስ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ፣ የወለቀ ጥርስ መተኪያውም ድልድይ እንደሚባል ትዝ ሲለው፣ «ድልድይ!» ብሎ ጭኑን ይመታል። አዘጋጆቹ በብዕር ስም ነው የሚጽፉት። የእሷ ስም ጃርት ነበር። ጃርት ማን እንደሆነ የምናውቀው የጋዜጣው አዘጋጅና እኔ ብቻ ነበርን። እኔ ያኔ እዚያ ከተማ ሆስፒታል ነርስ ነበርኩ፤ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ አብረን የሌሎችን እንቆቅልሽ ስንፈታ አንድ ቀን ሳታስበው አመለጣት።

ጊዜው ክፉ ነበር። አስፋልቱን ወታደር ይዞታል፤ ጓሮ ጓሮውን ደግሞ «ልጆቹ» ይዘውታል። ወታደሩን በስውር የሚወጉ ታጣቂዎች ናቸው፤ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ «ልጆቹ» ነው የሚባሉት። ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚጠሉት ወታደሩን አይደለም፤ ጆሮ ጠቢውን ነው። ጆሮ ጠቢ የተባለ ሰው ጠዋት ከቤቱ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የድንበሩ ዳር መንገድ ላይ ይገኛል፣ ወይም ጭራሽ አይገኝም። እኔ ከአዲስ አበባ ስወጣ እንዲህ ያለውን ፍርሃት ጥዬው የመጣሁ መስሎኝ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጋዜጣው ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ወታደሮች ግራ ቀኝ ሳይሉ በቀጥታ ወደ አሮጌው ድልድይ ሄዱና ከሥሩ በወተት ገንቦ የተቀበረ ፈንጂ አወጡ። ማንም አልተጎዳም። ከተማው እፎይ አለ። ልጆቹ ግን «ማን ነገራቸው?» ማለት ጀመሩ።

ቅዳሜ ዲምፍናና እኔ ሥጋ ቤት ተሰልፈናል። ባለሥጋው የጃርትን መስቀለኛ ቃላት የፈታበትን ጋዜጣ ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ በቢላዋው ጫፍ ይጠቁማል።

«እዩት! ድልድይ ወደ ጎን። ከሥሩ ምን አለ? ወተት! ከሥሩ እኮ ነው!»

«ጃርት ጆሮ ጠቢ ነው በለኛ!» አለ አንዱ ጎልማሳ።

«ጃርት ደግሞ ምን ጆሮ አለው?»

«ቢኖረውም አይቆይለትም። እሾሁን አንድ በአንድ ይነቅሉለታል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዲምፍናም ሳቀች። ሳቋ ግን ፊቷ ላይ እንደ ጭምብል ተለጥፎ ቀረ፤ የገዛችውን ሥጋ ባንኮኒው ላይ ትታ ወጣች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የጋዜጣው አዘጋጅ ደወለላት። ሁለት ሰዎች መጥተው የጃርትን ስም ጠይቀውታል። «በፖስታ ነው የሚልክልኝ፣ መልኩን አላውቅም አልኳቸው» አላት። ቀጥሎም፣ «ሁለተኛ ከመጡ ግን፣ ዲምፍና፣ እኔም የልጆች አባት ነኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ መኪና በደጃፏ ባለፈ ቁጥር እጇ ባለበት ይደርቃል። መስኮት ባለበት በኩል መቀመጥ ተወች። ላውንደሪው ውስጥ የሰው ሙሽራ ልብስ ላይ ካውያ አቁማ በር በር ስታይ ጨርቁ ጨሰ። ግላስጎ እህት ስለነበረቻት «ሂጂ» አልኳት።

«ከሄድኩማ ‹እኔ ነኝ› ማለቴ ነው» አለችኝ። «እህቴም ቤት ቢሆን በር አለ፤ በርም ይንኳኳል።»

«ታዲያ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ፊንታን ጋ እሄዳለሁ።»

ፊንታን ላክራን ምስማርና ቀለም የሚሸጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። ልጆቹ ያለ እሱ ፈቃድ እንደማይነቃነቁ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ አውቃለሁ የሚል ግን የለም።

በጠራራ ቀን ሄድን። ስንገባ ለአንድ ገበሬ ገመድ እየለካ ይቆርጣል። ዲምፍና ዓይኗን ከገመዱ ላይ መንቀል አቃታት። ገበሬው እስኪወጣ ጠበቀችና፣ «ጃርት እኔ ነኝ» አለች።

ፊንታን ቢላዋውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። በሩን ቆለፈ። «ወደ ጓዳ ይግቡ፣ ወይዘሮ ዲምፍና» አለ። እኔን «ይምጡም፣ ይቅሩም» አላለኝም፤ ተከተልኩ።

ጓዳው ውስጥ የሰማኒያ ዓመት ባልቴት እናቱ እማማ ኑዋላ፣ ብርድ ልብስ እግራቸው ላይ ጣል አድርገው እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ሰላም አልናቸው። ፊንታን ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

«ያስረዱኝ» አላት። «ከዓለም ቃል ሁሉ ድልድይ። ከዓለም ቃል ሁሉ ወተት።»

«ከወር በፊት ነው የሠራሁት። ቃሉን እኔ አልመርጠውም፤ ሌሎቹ ቃላት ናቸው የሚመርጡልኝ» አለች።

«እንዴት?»

በእነሱ ፊደል ሌላ ነው፤ በእኛ ፊደል ላስመስለው። ከላይ የሚወርዱት ቃላት መጀመሪያውን «ወ»፣ መጨረሻውን «ት» አድርገውባታል። ይህን በጣቷ አሳየችው። ፊንታን ጎንበስ ብሎ አየ፣ አሰበ።

«ወጣት ይገባል» አለ ቀስ ብሎ። «‹ወ› አለው፣ ‹ት› አለው። ለምን ወጣት አላሉም?»

ዲምፍና ወጣት ለምን እንዳልገባ ታውቃለች፣ እሷ ነች የሠራችው፤ ግን ፍርሃት ጭንቅላቷን ባዶ አደረገው። እኔም ጋዜጣው ላይ አፈጠጥኩ፤ ፊደሎቹ እንደ ጉንዳን ተራወጡብኝ። ፊንታን ይጠብቃል። ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል።

«አንተ ደንቆሮ!» አሉ እማማ ኑዋላ ከእሳቱ ዳር።

ፊንታን ዞረ። «እማዬ፣ የሥራ ጉዳይ ነው።»

«መሃለኛዋን ፊደል ቁልቁል የሚወርደው ይዟታል! ተኩላ ነው የሚወርደው። ወጣት ብትል ታች ምን ይወጣል? ጣኩላ! ጣኩላ የሚባል አውሬ አይተህ ታውቃለህ?» ከዚያ ወደ ዲምፍና ዓይናቸውን አጥበው አዩ። «ጃርት አንቺ ነሽ? የተኩላዋን ፍንጭ ሦስት ቀን ለፋሁባት፣ የተረገምሽ!»

ፊንታን ፍንጩን አነበበ፣ በአፉ ፊደል ቆጠረ፣ ጋዜጣውን አጠፈ። «እጠይቃለሁ» አለ። በሩን ከፍቶልን ወጣን።

ለሳምንት ያህል የመጣ የለም። ከዚያ ወተት በመኪና የሚያመላልሰው ማላኪ ጠፋ። መኪናው በሩ እንደተከፈተ ከወተት ማከፋፈያው ደጅ ተገኘ። ገሚሱ «እንግሊዝ አገር አምልጧል» አለ፤ ገሚሱ ምንም አላለም።

ዲምፍና ይህን ስትሰማ ወጥ ቤቷ ወለል ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ነጻ ስወጣ ሌላ ፍለጋ ሄዱ» አለችኝ። «ዝም ብል ኖሮ…»

«ዝም ብትዪ ኖሮ የምትጠፊው አንቺ ነበርሽ» አልኳት። እውነት ነው፤ ግን ሊያጽናናት አልቻለም፤ እኔንም አላጽናናኝም።

ለጋዜጣው መሥራት አቆመች። በዚህ ያበቃ መስሎን ነበር። አንድ ቀን ፊንታን ላውንደሪው ድረስ መጣ። ኮቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ።

«እናቴ እንቆቅልሿ ቀረባት። በየሳምንቱ አንድ ይሠሩላታል፤ ራስዎ ያመጡላታል።»

«እሺ» አለች። ምን ትበል?

ሁለት ክረምት ሙሉ አመላለሰች። እያንዳንዱን ቃል በፍርሃት ነው የምታነጥረው፤ መንገድ የለ፣ ገንቦ የለ፣ ወንዝ የለ፣ ስም የለ። መጨረሻ ላይ የቀሯት አበባና ወፍ ብቻ ነበሩ። እማማ ኑዋላ አንድ ቀን ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ጣሉት።

«ይኼ የሕፃን ነው፣ ልጄ። ድሮ ታናድጅኝ ነበር። ልጄን ነው የፈራሽው?»

ፊንታን ከሱቁ በኩል ምስማር ሲመዝን ይሰማል። ዲምፍና «ደክሞኝ ነው፣ እማማ» አለች። አሮጊቷ እጇን ያዝ አድርገው፣ «እኔም እፈራዋለሁ» አሉ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

በሚያዝያ ሞቱ። ዲምፍና ቀብር ቆመች፣ የፊንታንን እጅ ጨበጠች፣ ወሩ ሳያልቅ ዕቃዋን ሸክፋ ግላስጎ ገባች። አንድ ጊዜ ሄጄ ጠይቄያታለሁ። በአንድ የሰፈር ላውንደሪ ተቀጥራ መተኮሷን ቀጥላለች። ጋዜጣ ገዝታ ትፈታለች፤ መሥራቱን ግን እርም ብላለች። ቁጭ ብለን ስንፈታ ደጃፏ ላይ መኪና ቆመ፤ እርሳሷ ወረቀቱ ላይ እንደተተከለ ቀረ። ጎረቤቷ ነበር፣ ከገበያ ሲመለስ። ሰውየው ዕቃውን አውርዶ በሩን እስኪዘጋ ድረስ ሁለታችንም አልተነፈስንም።