የአባቴ አኩሪ አተር

መምህራችን ለሙከራ ማሳ የሚሰጥ ገበሬ ሲፈልጉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። አባቴ ሁሩሙ አጠገብ ትንሽ መሬት አላቸው። መምህሩን ለማስደሰት ስል፣ አባቴን ሳልጠይቅ «እሺ ይላሉ» አልኩ። እሺም አሉ።

የተዘራው አኩሪ አተር ነው። ዘሩን በስኳር ውሃ አርጥበን፣ ጥላ ሥር ባክቴሪያ ባለበት ጥቁር ዱቄት አሸነው። ባክቴሪያው ሥሩ ላይ ትንንሽ እንክብሎች ይሠራል፤ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ተክሉን ይመግባል። ገበሬው ዩሪያ ማዳበሪያ መግዛቱ ይቀርለታል። ይህን ለማየት ግን ማሳው ዩሪያ ሊነካው አይገባም፤ ለአባቴም ይህንኑ ነግረናቸዋል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አባቴ ወደምማርበት ከተማ፣ መቱ ደወሉልኝ።

«ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። ጎረቤታችን ‹አተርህን የወፍ በሽታ ያዘው› እያለ ይስቅብኛል።»

እንክብሎቹ ሥራ እስኪጀምሩ እንደዚያ እንደሚሆን ተምሬያለሁ። ግን ፈተና ደርሶብኝ ስለነበር ማስረዳቱ ታከተኝ። «አባዬ፣ መምህሬ ከነክፍሉ ነው የሚመጡት፤ አደራ እንዳያሳፍሩኝ» ብዬ ዘጋሁት።

የሄድን ዕለት ማሳው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀን። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። መምህሩ ዙሪያውን በአካፋ ቆፍረው አንድ ተክል አወጡና አፈሩን አራገፉ። ሥሩ ባዶ ነበር። ሌላም አወጡ፤ ያው ነው።

«አባባ፣ ዩሪያ ጨምረውበታል እንዴ?»

አባቴ መጀመሪያ እኔን አዩኝ። «ኧረ በፍጹም!» አሉ።

ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ ሆኖ «ታዲያ በጸሎት ነው የለመለመው?» አለ። ተማሪዎቹ ሳቁ።

መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ የምታውቂው ነገር አለ?»

ስንመጣ ደጃፋችን ላይ የተጣለ ባዶ የዩሪያ ከረጢት አይቻለሁ። ዝም ብል፣ ዱቄቱ አይሠራም ተብሎ ይቀራል። ብናገር፣ አባቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ሊሆኑ ነው።

«ጨምረዋል» አልኩ፣ ወደ እሳቸው ሳላይ። በስልክ ያልኳቸውን አልተናገርኩም።

መምህሩ አልተቆጡም። ዩሪያ የጠገበ ተክል ባክቴሪያውን እንደማያስጠጋ ለክፍሉ አስረዱ። ጓደኞቼ ደብተራቸውን አወጡ። እኔም አወጣሁ፤ አንድም ቃል እንዳያመልጠኝ እየተጠነቀቅሁ ጻፍኩ።

ቀና ስል አባቴ የተነቀሉትን ተክሎች መልሰው ጉድጓዳቸው ውስጥ እያቆሙ፣ አፈሩን በእግራቸው ይጠቀጥቁ ነበር። ላግዛቸው ሄድኩ።

«ተይ ልጄ» አሉኝ፣ «ጫማሽ ይበላሻል።»