ተቀበሉኝ እንጂ ያልሁበት ቀን

የልጅ ልጄ ማህሌት ሰሞኑን ከመስታወት ፊት አልጠፋ ብላለች። ስልኳን ከግድግዳ አስደግፋ፣ ሙዚቃውን ከፍታ፣ አንዲት ዘፈን ትጀምርና መሃሉ ላይ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ግንባሯን ትይዛለች። ደግሞ ከሀ ትጀምራለች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኋት።

«ኦዲሽን አለብኝ አያቴ።»

«ይኸ ደግሞ የምን በሽታ ነው?»

ሳቀችብኝ። ለካ የከተማችን ወጣቶች በዘፈን የሚሠራ ቲያትር ሊያዘጋጁ ነው፤ መግባት የሚፈልገውን ልጅ ሁሉ አዳራሽ እያስገቡ ይፈትኑታል። «ሦስት ሰው ፊት ብቻዬን መቆም እኮ ነው!» አለችኝ። ይህን ጊዜ ዱላዬን አስቀምጬ እኔም ቁጭ አልሁ። እሷ ያላወቀችው ነገር፣ እኔም በዚችው ሰቆጣ፣ በእሷ ዕድሜ፣ በዚያው ፈተና ፊት ቆሜያለሁ።

እኔ የዋግ ገጠር፣ የጋዝጊብላ ልጅ ነኝ። አፌን የፈታሁት በኽምጥኛ ነው፤ አማርኛውን የለቃቀምሁት ከገበያ ነው፣ እንደ ወዳደቀ ጥሬ አንድ አንድ እያልሁ። ትምህርት ቤት የሚባለውን በሩቁ ነበር የማየው። ድምፅ ግን ነበረኝ። በነሐሴ ሻደይ ሲደርስ፣ ልጃገረዶች ለምለሙን ሣር ወገባችን ላይ አስረን ከደጅ ደጅ እየዞርን ስንጫወት፣ አውራጇ እኔ ነበርሁ። አውራጅ ግጥሙን ታወጣለች፤ የቀሩት «እሰይ ለምለሜ!» እያሉ ይቀበላሉ። ሣሩ ሲወዛወዝ የሚያሰማው ሹክሹክታ፣ ዝናብ ያረፈበት የገብስ ማሳ ሽታ፣ ያገር ሰው ከየደጁ የሚሰጠን ሙልሙል ዳቦ፤ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ሁሉም ይመጣልኛል።

ያን ዓመት ግን ሻደይ እንዳለፈ ሽማግሌ ተላከብኝ። ልጁን አልጠላሁትም። ንብ አናቢ ነበር፤ የማሩ ንጣት እስከ ሩቅ ይወራለታል። ብቻ አንድ ነገር ሆዴን በላው፤ ሻደይ የልጃገረዶች ነው። ካገባሁ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ወጥቼ አላወርድም። ማሩስ መልካም፣ ይህን ድምፄን ግን የት ላድርገው? ይህን ለማን ትነግሪዋለሽ!

የሠርጉን ቀን እስኪቆርጡልኝ ድረስ አክስቴ ወለተ ዘንድ ሰቆጣ ላኩኝ። አክስቴ ጠላ ትሸጥ ነበር፤ እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ ጋን አጥባለሁ። አንድ ቀን ጠጪዎቹ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ያኔ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበረ፤ የእኛው ቡድን በአንዲት ምንጭ ስለተጣሉ ሁለት መንደሮች በዘፈን የሚሠራ ድራማ ሊያሳይ ነው፤ በምንጩ ዳር ሆና የምታስታርቃቸውን ልጅ የምትሆን ድምፀ መልካም ይፈልጋል። ፈተናው በገበያ ቀን ነው። ወንድሜ ኪሮስ በቅሎ ይዞ ሊወስደኝ የሚመጣውም በዚያው ቀን!

«አክስቴ፣ ልሂድ» አልኋት።

ዓይኔን ዓይኔን አየችኝና፣ «ካለፍሽ አባትሽን የምለምነው እኔ ነኝ፤ ሽማግሌዎቹም ይቆያሉ። ከወደቅሽ ግን ያለ ኩርፊያ ከኪሮስ ጋር ትሄጃለሽ» አለችኝ።

«እሺ።»

«ማዪልኝ!»

«አባቴ ይሙት!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ካለፍሁ እዘፍናለሁ፤ ከወደቅሁ በበቅሎዋ እሄዳለሁ።

በገበያው ቀን በጠዋት የባቄላ አሹቅ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሄድሁ። ወሩ መስከረም፣ ጭቃው ገና ያልጠና፣ መንገዱ ከየአቅጣጫው በሚመጣ ገበያተኛ የሞላ ነበር። አዳራሹ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተውታል። በውጭ፣ ከግድግዳው ሥር ልጃገረዶች ተሰልፈዋል፤ ፀጉራቸው የተሠራ፣ ጫማቸው የተወለወለ። ከፊቴ የቆመችው ዘውዴ ነበረች፣ የከተማ ልጅ፣ ምላሷ እንደ ሚጥሚጣ። ባዶ እግሬን አየችና፣

«አንቺ ባለ አሹቅ፣ መንገድ ስተሻል፤ እህል ተራ በዚያ በኩል ነው» አለችኝ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

«እህሉንስ ሸጬ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ድምፄ ነው» አልኋት። እሷም ሳቀች። አሹቄን ዘርግቼላት አብረን ቆረጠምን። ሰው ተሰድቦም ቢሆን የያዘውን ብቻውን አይበላም።

እሷ ገብታ ወጣች። ተራዬ ደረሰ።

ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ድራማውን የጻፉት መምህር ታደሰ፣ ማሲንቆ የሚመቱት አዛውንት አያ ብርሌ፣ አንዲት መዝጋቢ ሴትዮ። መምህሩ ወረቀት ዘረጉልኝ።

«ሁለት መስመር አንብቢ።»

«ፊደል አላውቅም፣ መምህር።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ልዘፍንልዎ።»

አያ ብርሌ በጢማቸው ውስጥ ፈገግ ብለው፣ «እስቲ ተዋት፤ ወፍ መቼ ፊደል ቆጠረች» አሉ። መምህሩ እጃቸውን አወናጨፉ። እኔም ጀመርሁ፤

ዝናቡም አባራ ሜዳው ለመለመ፣
ክፈቱልኝ በሩን እንግዳ ደጅ ቆመ።

አልሁና ዝም። አያ ብርሌ ማሲንቋቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። መምህሩ ይጠብቃሉ። እኔም እጠብቃለሁ።

«ጨረስሽ?» አሉኝ መምህሩ።

«አልጨረስሁም።»

«ቀጥይ እንጂ!»

ከመጀመሪያው ጀመርሁ፤ እዚያችው ላይ ደርሼ ቆምሁ። መዝጋቢዋ በሹክሹክታ «ጠፍቷት ነው» አለች። መምህሩ ብዕራቸውን አነሡ። አልጠፋኝም እኮ! እዚህ ሆድ ውስጥ ስንት ግጥም ተሰልፏል! ግን በእኛ ዘንድ አውራጅ ስታወጣ ተቀባይ ካልመለሰላት አትቀጥልም። ሳይቀበሏት ብቻዋን የምትነጉድ አውራጅ ነውረኛ ናት፤ የጓደኞቿን ድርሻ እንደ በላች ይቆጠራል። ሰዎች ፊት ብቻውን የሚዘፈን ዘፈን መኖሩን እስከዚያች ቀን ማን ነግሮኝ! እነሱ ረሳች አሉ፤ እኔ ደግሞ እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ምን ቢንቁኝ ነው እንዲህ የሚዘጉኝ አልሁ። ንዴቴ መጣና እግሬን መሬት መታሁ፤

«ተቀበሉኝ እንጂ!»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ ልጅ፣ እኛን ነው የምትቆጪው?»

«ታዲያ ማንን ልቆጣ?»

«ፈተና ነው። ብቻሽን ነው የምትዘፍኚው።»

«ብቻዬን አልቅሼ አውቃለሁ፣ መምህር። ብቻዬን ዘፍኜ ግን አላውቅም።»

አያ ብርሌ አቀርቅረው ሳል ሳል አሉ። መምህሩ ግን «በይ ልጄ፣ ሂጂ። የሚቀጥለውን ጥሪ» ብለው ወደ መዝጋቢዋ ዞሩ።

እግሬ ሊወጣ ነበር። የበሩን እጀታ ጨብጬ በቅሎዋን አሰብሁ፤ የኪሮስን «ነይ ውጪ» አሰብሁ። ያኔ ነው ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ዓይኔን የመታኝ። ከመስኮቱ ማዶ እነዚያ ልጆች ጭንቅላት ለጭንቅላት ተደራርበው ያዩኛል። ለመምህሩ ጀርባዬን ሰጥቼ ለመስኮቱ አወጣሁት፤

ዝናቡም አባራ ሜዳው ለመለመ፣
ክፈቱልኝ በሩን እንግዳ ደጅ ቆመ።

«እሰይ ለምለሜ!» አለ አንድ ድምፅ።

ዘውዴ ነበረች! ያች ባለ ሚጥሚጣ። ለዚያው ቦታ የመጣች ተፎካካሪዬ! ኋላ ስጠይቃት «ምን ላድርግ፣ ሳልቀበልሽ ብቀር ጆሮዬን ሲበላኝ ሊውል ነው» አለችኝ። የዋግ ልጅ አይደለች? ከሻደይ ከወጣን ገና ሦስተኛ ሳምንታችን ነበር። ሁለተኛውን ሳወጣ ሰልፉ እንዳለ ተቀበለ። ከበሮ የለም፤ የመስኮቱን ቆርቆሮ መቱት። ጫማቸው የተወለወለው ሁሉ ጭቃውን ረግጠው ጨፈሩ። አያ ብርሌ መቼ ማሲንቋቸውን እንዳነሡ እኔ እንጃ፤ ብቻ ዜማው ከሥሬ ሲገባ ወለሉ ከፍ ያደረገኝ መሰለኝ።

እንግዲህ ሻደይ የወጣች ልጅ ሳይሰጧት ከደጅ አትሄድም፤ ሕጉ ነው። ባለቤቱ ስስታም ከሆነ በግጥም ትነካካዋለች። ከመምህሩ ፊት ሄጄ ቆምሁ፤

ብዕር የጨበጡ ከወንበሩ ያሉት፣
አንሄድም ከደጅዎ እጅዎን ካልፈቱት።

«እሰይ ለምለሜ!» አለ መስኮቱ። ገበያተኛው ጌሾውንም በጉንም ትቶ ተሰብስቧል። በዚያ መሃል ኪሮስን አየሁት። እኔን ፍለጋ መጥቶ፣ የበቅሎዋን ልጓም ባንድ እጁ ይዞ፣ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ፣ ሌላው እጁ ግን ሳያውቀው ጭኑን ይመታል! አልማርሁትም፤

በቅሎህን አሳርፍ ኪሮስ ወንድም ጋሻ፣
እህትህ አገኘች ለድምጿ መድረሻ።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ኪሮስ እስከ ጆሮው ቀላ፤ ቢሆንም «እሰይ» ሲል በዓይኔ አይቼዋለሁ። መምህር ታደሰ መጀመሪያ ጠረጴዛውን ይዘው ቀሩ። ቀጥሎ ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ በመጨረሻ ሳቃቸው አሸነፋቸውና ተነሡ። ያንን ማንበብ ያቃተኝን ወረቀት በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ፣ ልክ ባለቤት ለሻደይ ልጆች እንደሚሰጠው።

«እንኪ፣ ያንቺ ነው። በይ አሁን ከደጄ ሂጂልኝ!»

ልጇን የዳረች እናት እንኳ እንደኔ እልል አትልም።

አክስቴ ቃሏን አላጠፈችም፤ ከኪሮስ ጋር ጋዝጊብላ ወጥታ አባቴን ለመነችው፣ ሽማግሌዎቹም «ይቆይ» ተባሉ። ዘውዴ በድራማው የማዶውን መንደር ልጅ ሆነች። የድራማውን ቃል ከወረቀቱ እያነበበች ስታስጠናኝ፣ እግረ መንገዷን ፊደል አስቆጠረችኝ፤ ይህን የምጽፈው በዚያችው ፊደል ነው። ድራማው የታየ ዕለት አባቴ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ምንጩ ዳር ቆሜ ስዘፍን ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ሳይንቀሳቀስ ሰማኝ። ሲያልቅ «ይህን ሁሉ የት ደብቀሽው ኖሯል?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስንት መድረክ ወጥቻለሁ፤ የአባቴን ያህል ያጨበጨበልኝ የለም፣ እሱ ደግሞ አንድም ጊዜ አላጨበጨበ። ንብ አናቢውንም ከሁለት ዓመት በኋላ አገባሁት፤ ጠብቆኝ ነበር፤ የማህሌት አያት እሱ ነው። ወደ መድረክ ስወጣ ጉሮሮሽን ይጥረግልሽ እያለ ማር ያልሰኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።

ይህን ሁሉ ስነግራት ማህሌት ስልኳን አጥፍታ አፏን ከፍታ ሰማችኝ። ቀጥላ ግን ተከዘች።

«ያንቺ ዘመን ደግ ነበር አያቴ። አሁን እኮ አንድ በአንድ ነው የሚያስገቡን። በሩም ይዘጋል።»

«አንድ በአንድ ይሁን። በሩም ይዘጋ» አልኋት። ብዙ ዘመን ኖሬ የተረዳሁት፣ ብቻውን የቆመ የሚመስለን ሰው ሁሉ የሆነ ቦታ አንድ የሚቀበለው እንዳለው ነው፤ ጭንቁ ያ ሰው ወዴት እንዳለ ማወቁ ላይ ነው።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው?»

«በሦስት ሰዓት። ምነው?»

ዱላዬንና ነጠላዬን ከበሩ አጠገብ አኖርሁ።

«አዳራሹ መስኮት የለውም ወይ?»