የአባቴ ትከሻና ወጌሻዋ

በሰርጌ ሳምንት አባቴ መርካቶ ካለው ሱቁ የብርድ ልብስ ቦንዳ አወርዳለሁ ብሎ ትከሻውን አወለቀ። ተሸካሚዎቹ በር ላይ ቆመው ሳለ ነው እንግዲህ፤ እልኸኛ ሰው ነው። እሱን ያስጨነቀው ግን ሕመሙ አልነበረም። ሁለት እጁን ዘርግቶ ሳይመርቀኝ ከቤት እንዳልወጣ ነበር የፈራው። በአንድ እጅ የተመረቀች ሙሽራ አይቶ አያውቅም።

ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ወዳሉት ወጌሻ ወሰድኩት። መርካቶ ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ተሸካሚውም ባለሱቁም እሳቸው እጅ ላይ ያልጮኸ የለም። በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ራጅ ሳያዩ ሰው አይነኩም። የአባቴን ራጅ ወደ መስኮቱ አንስተው አዩና ወልቋል እንጂ አልተሰበረም አሉ። ከዚያ እጁን ያዝ አድርገው የብርድ ልብስ ዋጋ ጠየቁት።

ብልሃታቸውን ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ነጋዴን በሸቀጡ ያናድዱትና ክርክሩ ሲጦፍ ይስቡታል። አባቴም እኔን እንኳን አያታልሉኝም እያለ ነበር የመጣው። ዋጋውን በእርጋታ ነገራቸው። ግማሹን እንኳ የማይሞላ ዋጋ ሰጡት፤ ፈገግ ብሎ አለፈው። ቀጥለው ያንተ ብርድ ልብስ ሲታጠብ ይሳሳል ይባላል አሉት። ይሄንን መቻል አቃተው። ሊምል አፉን ሲከፍት ትከሻው ቋ ብሎ ቦታው ገባ። መሐላው በጩኸት አለቀ፣ እኔ ደግሞ በሳቅ ፈረስኩ።

እጁን በሻሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥለው ወር ሙሉ እንዳያነሳው አዘዙ። ዋናው ድርድር የተጀመረው ያኔ ነው። አባቴ ለሰርጉ እሁድ ብቻ እስከ ጭንቅላቴ ድረስ ላንሳ አለ። እሳቸው እስከ እምብርት አሉ። እሱ ወደ አገጩ ወረደ፤ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። የሱቁ ገዢዎች እንደሚያደርጉት ትቶ የሚሄድ መስሎ ተነሳ፣ ማንም አልጠራውም። በሩ ጋ ደርሶ በራሱ ተመለሰ።

"እስከ ደረት፤ የመጨረሻ ነው" አሉት። "እሱንም ለልጅህ ብዬ ነው።"

እሁድ አባቴ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሁለቱን እጆቹን ዘረጋ፤ ከደረቱ አንድ ጣት አላሳለፈም። በተስማማበት የሚጸና ነጋዴ ነው። እኔም ቬሎዬን ሰብስቤ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩና ራሴን ከመዳፎቹ ስር አስገባሁ። ምርቃቱን ጀመረ፣ ድምፁ ግን ተያዘበት። ቤቱ ሙሉ ሰው ላልጨረሰው ምርቃት አሜን አለ።